የመረብ ኳሳችን የሂደት ባለቤት

አቶ ፈንታሁን መሞቱን የነገረኝ አስረስ ነው። ሰቆጣ ኮሌጅ ሳለን አብረን መረብ ኳስ የተጫወትን፣ የቡድናችን ረጅሙ ልጅ። ስልክ ደውሎ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ኑሮ ውድነት ሲያወራ ቆየና በመጨረሻ «ያ ሰውዬ እኮ አረፈ» አለኝ። የቱ ሰውዬ ብዬ አልጠየቅኩም። በእኔና በአስረስ መካከል «ያ ሰውዬ» አንድ ብቻ ነው። «ነፍስ ይማር» አልኩ፣ አፌ ቀድሞኝ። ወዲያው ደግሞ በማለቴ ተናደድኩ።

ለቅሶ ቤት ሄጄ ቢሆን ኖሮ እንደ ሰው ሁሉ አንገቴን ደፍቼ እቀመጥ ነበር። «ለሥራው ሟች ነበር» ሲሉም ራሴን እነቀንቅ ነበር። እዚህ ግን ከወረቀት ጋር ብቻዬን ስለሆንኩ የማስበውን ልናገር። አቶ ፈንታሁንን እንደናቅኩት የናቅኩት ሰው በሕይወቴ የለም። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለው ነበር፣ ያውም ወገቤን ሰበር አድርጌ። ዛሬ ግን «እሱ» ነው የምለው።

ከመናገሩ በፊት የብዕሩን ክዳን ይነቅልና መልሶ ይገጥማል፤ ይነቅልና ይገጥማል። ከዚያ ዓይኑን ከሰው ራስ በላይ ጣሪያው ላይ ተክሎ «ከምን አንጻር?» ይላል። የማይጠይቅበት ነገር አልነበረም። ውኃ ተቋረጠ ሲሉት «ከምን አንጻር?» የምሳው ወጥ አረረ ሲሉት «ከምን አንጻር?» የተማሪ ፈቃድ በእሱ እጅ ነበርና፣ አንድ ቀን አስረስ እናቱ መታመሟን ሰምቶ ጽጽቃ ድረስ ለመሄድ ፈቃድ ሊጠይቀው ቢሮው ገባ። እኔ አብሬው ነበርኩ።

«እናቴ ታማብኛለች» አለው።

ክዳኑን ነቀለ። «ከምን አንጻር?»

አስረስ ምን ብሎ ይመልስ? «ከሆድ» አለ በመጨረሻ። አቶ ፈንታሁን ጻፈው።

ይህ ሰው ወደ ሜዳችን ከመምጣቱ በፊት ቡድናችንን የሚያሠለጥኑት ጋሼ ኪሮስ ነበሩ። ጋሼ ኪሮስ በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ የኮሌጁ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ናቸው። ጠመኔና ወረቀት ያወጣሉ፣ የተሰበረ ወንበር ይቀበላሉ። የጋዝጊብላ ሰው ናቸው፤ መረብ ኳስ የለመዱት በወታደርነታቸው ጊዜ፣ በጦር ካምፕ ውስጥ ነው። ከአሥር ሰዓት በኋላ ግምጃ ቤቱን ይቆልፉና ቁልፉን ሸሚዛቸው ኪስ ከትተው ወደ ሜዳ ይወርዳሉ። ማንም አላዘዛቸውም፣ አበልም የከፈላቸው የለም። ሌላ የሚውሉበት ቦታም አልነበራቸውም። ልጆቻቸው ራቅ ብለው ኑሮ መሥርተዋል፣ ባለቤታቸው ካረፉ ቆይቷል። ከአሥር ሰዓት በኋላ ያለው ቀናቸው እኛ ነበርን።

ፊሽካ እንኳ አልነበራቸውም። በእጃቸው ነው የሚያጨበጭቡት፤ አንዴ ካጨበጨቡ ቁሙ ማለት ነው፣ ሁለቴ ካጨበጨቡ ቀጥሉ። የሜዳውን ጠጠር ከእኛ ጋር አጎንብሰው ለቅመዋል። የተበጠሰውን መረብ በሲባጎ የጠገኑት እሳቸው ናቸው። ስንሸነፍ አይቆጡም፣ «አጆኹም!» ይሉናል፣ አይዟችሁ ለማለት። የሚቆጡት ከጨዋታ በኋላ ላባችን ሳይደርቅ ሹራብ ሳንደርብ ስንቆም ብቻ ነው። «ኧረ በሞቴ ልበሱ! የሰቆጣ ንፋስ ጎን ይወጋል!» እያሉ ሹራባችንን ከድንጋዩ ላይ አንሥተው ይወረውሩልናል።

አንድ ሌላ ነገርም ነበራቸው። አብዛኛው ተጫዋች ከየወረዳው የመጣ፣ በቤቱ ኽምጣና የሚናገር ልጅ ነው። ስለዚህ ኳሷ ወደ ማን እንደምትሄድ ሜዳ ውስጥ በኽምጣና እንድንጠራራ አስለመዱን። ለኮሌጆች ውድድር ወልድያ ስንወርድ ተጋጣሚዎቻችን እየሰሙን አይገባቸውም ነበር። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ ቋንቋውን አልችልም። ጋሼ ኪሮስ ግምጃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቁጭ አድርገው አሥር የማይሞሉ ቃላት አስጠኑኝ። እስኪገባኝ ድረስ ይደጋግሙልኛል፤ በአነጋገሬ ይስቃሉ፣ ተመልሰው ይደግሙልኛል። በዚህ ዓይነት ሁለት ዓመት ተከታታይ ለፍጻሜ ተቃርበን ተመለስን። ሌላ ቢቀር ስማችን ይታወቅ ነበር።

ሚሊኒየሙ በተከበረ ማግስት ለውጥ መጣ። መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ የሚሉት ነው፤ በዚያ ዘመን መሥሪያ ቤት የዋለ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። በየግድግዳው ቀስት የበዛበት ሥዕል ተለጠፈ። እስከዚያ ድረስ መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ሲቆጥር የኖረው አቶ ፈንታሁን ባሕር ዳር አሥራ አምስት ቀን ሠልጥኖ ተመለሰና የስፖርትና የተማሪዎች አገልግሎት የሂደት ባለቤት ሆነ። ኃላፊ ሲሉት አይወድም። «ባለቤት» ነው የሚባለው። ኳስ ሲይዝ እንደ ድፎ ዳቦ ከሥሯ በሁለት እጁ ደግፎ ነው፤ ትፈርስብኛለች ብሎ የሚሰጋ ይመስላል።

የመጀመሪያው ቀን ሙሉ ልብስ በነጭ ስኒከር አድርጎ፣ አንገቱ ላይ አዲስ ፊሽካ አንጠልጥሎ ሜዳ መጣ። አሰለፈን።

«ደንበኛችን ማን ነው?» አለ።

ሱቅ ያለን አልመሰለንም ነበር።

«ተመልካቹ?» አለ አስረስ።

«ተመልካቹ ባለድርሻ አካል ነው። ደንበኛው ማን ነው?»

ጋሼ ኪሮስ ከኋላ ሆነው ሳቃቸውን ለመዋጥ ሳሉ። አቶ ፈንታሁን ሳሉን ሰምቶ ዞር አለና ማስታወሻ ያዘ። ደንበኛው ማን እንደሆነ እስኪሞት ድረስ አልነገረንም።

ከዚያ ለሦስት ቀን ሜዳው ዳር ወንበር አስወጥቶ፣ ሰዓቱን እያየ ሲጽፍ ሰነበተ። በአራተኛው ቀን ውጤቱን አነበበልን። ዛሬም ቃል በቃል እወጣዋለሁ።

«በጥናታችን እንደተረጋገጠው አንዲት ኳስ ወደ ተቃራኒው ሜዳ ከመሻገሯ በፊት ሦስት እጅ ላይ ታርፋለች። አንዱ ይቀበላል፣ አንዱ ያመቻቻል፣ አንዱ ይመታል። ይህ ምልልስ ነው። ባለጉዳይ ሦስት ቢሮ ሲንከራተት ማለት ነው። ከዛሬ ጀምሮ በሁለት ንክኪ ይጠናቀቃል።»

የምር መሆኑን ለማወቅ ፊቱን አየሁት። የምር ነበር።

«አቶ ፈንታሁን» አሉ ጋሼ ኪሮስ በትሕትና፣ «መካከለኛው ካላመቻቸለት ያኛው ምኑን ይመታል?»

«ከምን አንጻር?»

«ከመምታት አንጻር።»

ሁላችንም ሳቅን። ከልባችን የሳቅንበት የመጨረሻው ቀን ይመስለኛል፤ ምክንያቱም እሱ የሳቁትን ስም መዝግቦ ነበር።

በዚያው ሰሞን ኽምጣናውም ተከለከለ። «ቡድኑ ውስጥ የሚተላለፍ መረጃ ግልጽ መሆን አለበት» አለ። «ኽምጣና የማይችል የሂደት ባለቤት ምን እንደምትባባሉ ካላወቀ በምን ይቆጣጠራል?» ልጆቹ ከተቃራኒ ቡድን ለመደበቅ መሆኑን ሊያስረዱት ሞከሩ። ግልጽነት ለሁሉም እኩል ነው ብሎ ዘጋው። ለተጋጣሚ ቡድን ሳይቀር ግልጽ እንዲሆንለት የሚጨነቅ መሪ የነበረን እኛ ብቻ ነበርን።

ቀጥሎ ድልድል መጣ። መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛውን ሁሉ ከቦታው አንሥተው እንደ አዲስ አወዳድረው እንደመደቡት፣ አቶ ፈንታሁንም የቡድኑ ቦታ በሙሉ ክፍት መሆኑን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፈ። መቺ፣ አመቻች፣ ተከላካይ፣ ተጠባባቂ፣ አምበል። ተጫዋች ሁሉ ቅጽ ሞልቶ፣ ከትምህርት ክፍሉ ማኅተም አስመትቶ፣ በትምህርት ውጤትና በሥነ ምግባር ነጥብ ይወዳደራል። ኳስ መምታት ነጥብ አልነበረውም። አስረስ፣ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ልጅ፣ ማኅተሙን ረስቶ ስለነበር ተጠባባቂ ሆነ። በእሱ ቦታ የገባው ሰይፉ በክፍሉ አንደኛ የሚወጣ፣ ጨዋና ጎበዝ ተማሪ ነው፤ ግን ዘሎም ጣቱ የመረቡን ጫፍ አያልፍም። ምስኪኑ ሰይፉ ራሱ «ኧረ እኔ አልሆንም» ብሎ ለምኗል። «ቅሬታ ካለህ በጽሑፍ» ተባለ።

አምበልነቱን ከአስረስ ላይ አንሥቶ ለእኔ ሰጠኝ። ቅጹን ሳልሰርዝ ሳልደልዝ ስለሞላሁ ነው። ወሰድኩት። አስረስ «ይሁንልህ» አለኝ፣ ሌላ ነገር አላለም።

የአሠልጣኝ ቦታ ዲፕሎማ ይጠይቃል። ጋሼ ኪሮስ ስምንተኛ ክፍል ናቸው። አቶ ፈንታሁን እኛ ባለንበት ጠርቷቸው ብዕሩን ሲነቅልና ሲገጥም ቆየና፣ «ጋሽ ኪሮስ፣ መዋቅሩ አያቅፍዎትም» አላቸው። ቦታው እስኪሞላ እሱ ራሱ በውክልና ይዞታል።

«እንግዲያው ከዳር ልቁም» አሉ ጋሼ ኪሮስ። «አልናገርም። ቆሜ ላያቸው ብቻ።»

ስልሳ ሊሞላቸው ምንም ያልቀራቸው ሰው፣ ኮሌጅ ከገባን ጀምሮ ያሠለጠኑን ሰው፣ ለመቆም ፈቃድ ይለምናሉ! እሱም ለማሰብ ጊዜ ፈጀ። ቆሞ ማየት ምን ያስከትላል ብሎ ሳያስብ አልቀረም። በመጨረሻ «በታዛቢነት» አለ፣ «ድምፅ ሳያሰሙ። ድምፅ ካሰሙ ግን ከሜዳው ይታገዳሉ።» ጋሼ ኪሮስ አመሰገኑት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከሜዳው ዳር ይቆማሉ፤ እንዳያጨበጭቡ ራሳቸውን መያዛቸው ነበር።

ወልድያ ለውድድር ስንወርድ ኳሶቹና ቱታው በጋሼ ኪሮስ ፊርማ ወጪ የሆኑ ስለነበሩ፣ ንብረት ጠባቂ ሆነው አብረውን ሄዱ። አንድ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ፍራሽ አንጥፈን አደርን።

የጠዋቱን ጨዋታ ሳስበው ዛሬም ፊቴ ይግላል። እኔ «ለሰይፉ!» ብዬ በአማርኛ እጮኻለሁ፤ ሦስት ረጃጅም ልጆች ሰይፉ ፊት ዘለው ይጠብቁታል። «ለኋላ!» እላለሁ፤ ወደ ኋላ ሸሽተው ይቆማሉ። አንደኛው በመረቡ በኩል «እናመሰግናለን ወንድሜ» አለኝ። በሁለት ንክኪ የምትሻገረው ኳስ ደግሞ ለእነሱ ስጦታ ነበረች። አቶ ፈንታሁን ዕረፍት ጠየቀና ከበበን። አንድ ነገር ይል ይሆናል ብለን ላባችንን እየጠረግን አፍ አፉን አየነው። «ችግሩ ከምን አንጻር ነው?» አለን። የዳኛው ፊሽካ እስኪነፋ ብዕሩን ሲነቅልና ሲገጥም ጊዜው አለቀ።

ከሰዓት በኋላ ሁለተኛውን ጨዋታ ጀምረን የመጀመሪያውን ዙር እንዳስረከብን፣ የቡድን መሪዎች ለስብሰባ ተጠሩ። ስብሰባ ሲባል አቶ ፈንታሁን አይዘገይም፤ ማኅደሩን ይዞ ሄደ። ሜዳው ላይ ኃላፊ የሚባል አልቀረም። ኳሶቹን በጆንያ ይዘው ከጀርባችን የቆሙት ጋሼ ኪሮስ ብቻ ነበሩ። አየኋቸው። አዩኝ። እጃቸውን ከኋላቸው ፈቱና ሁለቴ አጨበጨቡ።

«አስረስ ግባ» አሉ።

ከዚያ የሆነውን ከዚያ ወዲህ ባየሁት ጨዋታ ሁሉ ፈልጌ አላገኘሁትም። ጋሼ ኪሮስ በኽምጣና ይጠራሉ፣ በኽምጣና እንመልሳለን። አንዱ ይቀበላል፣ አንዱ ያመቻቻል፣ አስረስ ከላይ ያወርዳታል። ቅድም ያመሰገነኝ ዓይነት ልጅ እዚያም ነበረ፤ አሁን ግን ዙሪያውን እያየ «ምንድን ነው የሚሉት?» ይላል። ዙሩን ወሰድን። ሦስተኛውንም እየመራን ነበር። ጋሼ ኪሮስ መስመሩ ላይ ደርሰው፣ ጆንያውን ረስተው፣ እንደ ልጅ ይዘሉ ነበር።

አቶ ፈንታሁን ከስብሰባው ተመለሰ። መምራታችንን አላየም፤ ሰሌዳውን ዞር ብሎም አላየ። ያየው ጋሼ ኪሮስ መናገራቸውንና ተጠባባቂው አስረስ ያለ ድልድል ሜዳ መግባቱን ነው። ከዚያ ሳያስበው፣ ከመጣ ጀምሮ አንድም ቀን ነፍቶት የማያውቀውን ፊሽካ አንሥቶ በኃይል ነፋው። ኳሷ አየር ላይ ነበረች። እኛም ተጋጣሚዎቻችንም ዳኛው መስሎን ቆምን። ኳሷ በእኛ ሜዳ ዱብ አለች። ዳኛው ግራ ቀኙን አይቶ የነፋውን ሰው ሲያገኘው በአገሩ ያልታየ ነገር ስለሆነበት መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ነጥቡን ለእነሱ ሰጥቶ ለእኛ ማስጠንቀቂያ ካርድ አወጣ። ሕዝቡ በሳቅ ተንከተከተ። አቶ ፈንታሁን አስረስን አስወጥቶ ሰይፉን መለሰ፣ ጋሼ ኪሮስን ወደ ጆንያቸው መለሰ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጻፈ። ተሸነፍን። ከመጨረሻ አንደኛ ሆንን።

በማግስቱ ጠዋት፣ መኪናው ሳይመጣ፣ ባደርንበት ክፍል ውስጥ ፍራሻችንን ጠቅልለን ለግምገማ ተቀመጥን። አቶ ፈንታሁን ከጥቁር ሰሌዳው ፊት፣ ጋሼ ኪሮስ ከበሩ አጠገብ የልጆች ዴስክ ላይ። የሽንፈቱ መንስኤ አንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ከመዋቅር ውጭ የተደረገ ጣልቃ ገብነት። ስለ ፊሽካው ቃል አልተነሣም። ከዚያ የውሳኔ ሐሳቡን አነበበ። ጋሼ ኪሮስ ከእንግዲህ ሜዳ እንዳይደርሱ፣ አበርገሌ ቆላ ወዳለው የኮሌጁ የሠርቶ ማሳያ እርሻ ግምጃ ቤትም እንዲዛወሩ። በዚያ ዕድሜ፣ ወደዚያ ወባ። እሳቸው መዛወሩን እንዳልሰማ አለፉት፤ «ሜዳውንስ እሑድ እሑድ እንኳ?» ብለው ብቻ ጠየቁ።

«የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ» አለና ወደ እኔ አየ። አምበል ነኝ።

ማንም አላስፈራራኝም። ይህን ደጋግሜ ለራሴ ብናገረውም አይቀልልኝም። እሱ የሚሞላው የግምገማ ነጥብ ከፋይላችን ጋር ተያይዞ ስንመረቅ ለሥራ ምደባ እንደሚሄድ አውቅ ነበር። ሰቆጣ ከተማ መመደብ እፈልግ ነበር። በቃ፣ ይኸው ነው። መጀመሪያ የወጣችው እጅ የእኔ ነበረች። ቀጥሎ የሰይፉ ወጣች፤ ከዚያ የሌሎቹ፣ አንድ በአንድ፣ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ። አስረስም ዘግይቶ አነሣ። እስከ ዛሬ በስልክ ስናወራ ወደዚህ ነገር ስንቃረብ ሁለታችንም ወሬ እንለውጣለን።

ያንን ሰው ለምን እንደማልረሳው እዚህ ላይ መናገር አለብኝ። ቂል ነበር፤ ቂሎችን ግን ቶሎ እረሳለሁ። አስቂኝ ነበር፤ የሳቅኩባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። እሱን የማልረሳው፣ ያን ያህል እየናቅኩት ስለታዘዝኩት ነው።

አቶ ፈንታሁን ሊቆጥር ተነሣ። በብዕሩ እየጠቆመ ከግራ ጀመረ፣ መሃል ላይ ስም ለመጻፍ ቆመ፣ እንደገና ከቀኝ ጀመረ። እጃችን እንደተሰቀለ ነው። ጋሼ ኪሮስ ከዴስካቸው ብድግ አሉ። ሊሰድቡን ነው ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሰድቡን ደስ ባለኝ።

«አቶ ፈንታሁን» አሉ፣ ቀስ ብለው። «ቆጥረው ከጨረሱ ልጆቹ እጃቸውን ያውርዱ። ትናንት ሁለት ጨዋታ ተጫውተው ነው የዋሉት፤ ትከሻቸውን ያማቸዋል።»

አወረድን።

አቶ ፈንታሁን ወረቀቱን አየ፣ እኛን አየ። ቁጥሩ ጠፍቶበታል። እንደገና አውጡ አለን።

አወጣን።